ዊንዶውስ ስታክ ሲያደርግ፦ ኤክስፕሎረርን ማስነሳት ወይስ የግራፊክስ ድራይቨሩን?

ማውሱ እየተንቀሳቀሰ፣ ዎርድም እየሠራ፣ ታስክባሩና ስታርት ሜኑ ብቻ ስታክ ካደረጉ ችግሩ ብዙ ጊዜ ኤክስፕሎረር (ታስክባሩን፣ ስታርት ሜኑንና ፎልደሮችን የሚያሳየው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ላይ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ይጫኑ፤ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር»ን በቀኝ ክሊክ ነክተው «ሪስታርት» ይበሉት። ሴቭ ያላደረጉት የዎርድ ጽሑፍ አይነካም። የተከፈቱ ፎልደሮች ግን ይዘጋሉ፤ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ያለ ፋይልም ይቋረጣልና ኮፒው እስኪያልቅ ቢታገሡ ይሻላል። ታስክባሩ ጠፍቶ ከቀረ እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ አዲስ ታስክ ከፍተው ኤክስፕሎረርን ያስነሱ።

ስክሪኑ ከነጭራሹ ከጠቆረ ወይም ምስሉ ከተዘበራረቀ ግን ይህ አይረዳም። ያኔ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ቢ»ን በአንድ ላይ ይጫኑ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣበት ሶፍትዌር) እንደ አዲስ ሲነሳ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይመለሳል። ፎልደር አይዘጋም፣ ኮፒም አይቋረጥም፤ ጌም ግን ሊዘጋ ይችላል። የካፕስ ሎክ መብራት እንኳ ሲጫኑት የማይበራና የማይጠፋ ከሆነ ሁለቱም መንገዶች አይሠሩም።