ሮስ፦ ወደ ኋላ መመለስ የሚያውቅ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር

ሮስ በአሜሪካው ረንሰሌር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የተሠራ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈና ማንም በነጻ የሚያወርደው የትይዩ ሲሙሌሽን፣ ማለትም አንድን ነገር በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ በአንድ ጊዜ አስመስሎ የሚያስኬድ፣ ሶፍትዌር ነው። እኔ የምጠቀምበት ለሰፈሬ ለቱሉ ዲምቱ ነው። እሑድ ማታ ከአዳማና ከቢሾፍቱ የሚመለሰው መኪና የፍጥነት መንገዱ መውጫ ላይ ይደረደራል። አንድ የክፍያ መስኮት ቢጨመር ወይም የጭነት መኪናዎች ለብቻቸው ቢሰለፉ ወረፋው ምን ይሆናል? ይህን መንገዱ ላይ መሞከር አይቻልም፤ ኮምፒውተር ላይ ይቻላል።

በሞዴሌ ውስጥ የቢሾፍቱ መግቢያ አንድ ፕሮሰሰር ላይ፣ የክፍያ ጣቢያው ሌላው ላይ፣ ከዚያ በኋላ ያለው አደባባይ ሦስተኛው ላይ ይሠራል። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ይገሰግሳል። ታዲያ ክፍያ ጣቢያው ከምሽቱ 1፡20 ደርሶ ሳለ ከቢሾፍቱ በኩል የ1፡05 አውቶቡስ ቢመጣበትስ? ሮስ የሚከተለው፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዴቪድ ጄፈርሰን በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ታይም ዋርፕ የተባለው ዘዴ ማንም ፕሮሰሰር ማንንም እንዳይጠብቅ ያደርጋል። የአውቶቡሱን መምጣት የሚነግረው የዘገየ መልእክት ሲደርስ ጣቢያው ወደ 1፡05 ተመልሶ ሥራውን ይደግማል፤ ቀደም ብሎ የላካቸውንም መልእክቶች ተከታትለው የሚሰርዙ ተቃራኒ መልእክቶች ይልካል።

ለመመለስ ግን የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው መንገድ ከእያንዳንዱ ክስተት (ለምሳሌ ከአንድ መኪና መምጣት) በፊት ሁኔታውን መቅዳት ነው፤ ይህ ሚሞሪ ይጨርሳል። ሮስ ግን ስሌቱን ራሱን ወደ ኋላ ያስኬዳል። መኪና ሲመጣ ወረፋው በአንድ ከጨመረ፣ ሲመለስ በአንድ ይቀንሳል፤ የዕጣ (በዘፈቀደ የሚመጣ) ቁጥር የሚያወጣው ክፍል እንኳ የኋሊት ይቆጥራል። የሚቀመጠው ተደምስሶ የሚጠፋው ዋጋ ብቻ ነው። በዚሁ ሶፍትዌር በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ የነበረው ሴኮያ የተባለ ሱፐርኮምፒውተር፣ ወደ 2 ሚሊዮን በሚጠጉ ኮሮች (የፕሮሰሰር ማስሊያ ክፍሎች)፣ በሰከንድ 504 ቢሊዮን ክስተት አስተናግዷል።

የመመለሻውን ፕሮግራም የሚጽፈው ግን ተጠቃሚው ነው፤ ብዙ ሰው ተሰላችቶ የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪዬ የጭነት መኪናውን ክፍል ሲጽፍ ወደ ፊት ሁለት የዕጣ ቁጥር አውጥቶ ወደ ኋላ አንዱን ብቻ መለሰ። ውጤቱ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ስህተቱን ያጋለጠው የሮስ የመፈተሻ ሁነታ ነው፦ ለክስተቶች የተመደበው ሚሞሪ እስኪሞላ ይሄድና ሁሉንም እስከ መጀመሪያው ይመልሳል፤ መነሻው እንደ ነበረ ካልተገኘ ጉድለት አለ ማለት ነው። ከሶፍትዌሩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ሲሙሌሽኑ እየሄደ መሀል ገብቶ «አራተኛውን መስኮት ዝጋ» ማለት ለሚፈልግ ግን ሮስ ብቻውን አይበቃም። ትእዛዝ የሚቀበለውን ክፍል ራሴ ጽፌ ጨምሬያለሁ። ስክሪን ላይ የሚታየው ነገር በኋላ የሚሻር መሆን የለበትም፤ ለዚህ ሮስ ክስተቱ መመለስ ከማይችልበት ደረጃ ሲያልፍ ብቻ የሚጠራ ተግባር ስላለው ማሳያዬን እዚያ ላይ አያይዤዋለሁ። ፕሮሰሰሮቹ ማንም ከዚያ በታች የማይመለስበትን ሰዓት በየጊዜው አብረው ያሰላሉ፤ የሰው ትእዛዝም ከዚያ ሰዓት በኋላ መመዝገብ አለበት።

ከዚያ ሰዓት በስተጀርባ ያለው ሚሞሪ ይለቀቃል። ስለዚህ «ወደ 12 ሰዓት ልመለስና መስኮቱን ክፍት አድርጌ ልየው» ቢባል ወደ ኋላ የመመለሱ ዘዴ አያደርስም፤ እርሱ የፕሮሰሰሮችን መቅደም የሚያርም ነው እንጂ የሰውን ምኞት የሚያስተናግድ አይደለም። ለሰው የሚያስፈልገው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ሙሉ ሁኔታ፣ ተልከው ገና ካልደረሱት መልእክቶች ጋር ነው። ሪዮ የተባለው የሮስ ተጨማሪ ክፍል ይህን ይሠራል፣ ምን ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ እስከ ጻፉለት ድረስ። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ጥቅሙ እጥፍ ነው።

የሚጀምር ሰው መጀመሪያ በአንድ ፕሮሰሰር፣ ቀጥሎ በመፈተሻው ሁነታ ያስኪደው። ብዙ ፕሮሰሰር ላይ ሲያወጣው መጨረሻ ላይ ከሚታተመው ዝርዝር ስንት ክስተት እንደ ተመለሰ ይመልከት፤ የተመለሰው ከጸናው ከበለጠ ሞዴሉን ለፕሮሰሰሮቹ ያከፋፈለበትን መንገድ ይቀይር።