የኑግ ፋጉሎ፣ የተልባ ፋጉሎ ወይስ የጥጥ ፍሬ? ለወተት ቅባት የቱን እንግዛ

ደሴና ኮምቦልቻ ወተት በሊትር የሚሸጥ ሰው እና ሐይቅ ወይም ወልድያ ዙሪያ ቅቤ አውጥቶ ገበያ የሚወስድ ሰው የሚያዋጣቸው መኖ አንድ አይደለም። ሁለቱም ግን መኖ ቤት ሲገቡ ቅባት ያለውን ነው የሚጠይቁት። ላሟ ቅባት በበላች ቁጥር ወተቷ ይወፍራል ብሎ መግዛት ገንዘብ ያስጨርሳል። አንዳንዴ ጭራሽ ወተቱን ያሳሳዋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ከወተቱ ቅባት ግማሽ ያህሉ የሚሠራው ከገለባና ከድርቆሽ ነው። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ቃጫውን ሲያብላሉ አሴቴት የሚባል አሲድ ይወጣል። ግቷ ከእሱ ቅባት ትሠራለች። ቀሪው ከመኖው ቅባትና ከላሟ ገላ ይመጣል። የኑግና የተልባ ዘይት ሲበዛ እነዚህን ተሕዋስያን ያዳክማል። በዚያ ላይ ገለባው አንሶ እህልና ፉርሽካ ከበዛ፣ ዘይቱ ጨጓራ ውስጥ መንገዱን ስቶ ግቷን ቅባት እንዳትሠራ ወደሚያግድ ነገር ይለወጣል። ወተቱ በሊትር ላይቀንስ ይችላል። ቅቤው ነው የሚጠፋው።

ስለዚህ ልኩን እንያዝ። በቀን 10 ኪሎ ደረቅ መኖ የምትበላ ላም ጠቅላላ የቅባት ድርሻዋ ከ600 እስከ 700 ግራም ባያልፍ ጥሩ ነው።

ለአብዛኛው የወሎ አርቢ እኔ የምመርጠው የኑግ ፋጉሎን ነው፤ ፋጉሎ ማለት ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ቁራሽ ነው። በትንንሽ መጭመቂያ የወጣው ከ100 ግራሙ 8 ግራም ገደማ ዘይት ይቀረዋል፤ 2 ኪሎው 160 ግራም ቢጨምር ነው። ፕሮቲኑ ደግሞ 30 በመቶ አካባቢ ስለሆነ የጤፍ ገለባ ወይም የማሽላ አገዳ ለምትበላ ላም የጎደላትን ይሞላል። ሲገዙ ቁራሹን ይስበሩት። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ካለው፣ ወይም የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ይተዉት። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በወተቱ አልፎ ልጆቻችን ጋ ይደርሳል። ቁራሹን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ቢጫኑት የሚተወው ወዝ ሰፊ ከሆነ ዘይቱ ብዙ ነው፤ መጠኑን ይቀንሱ።

የተልባ ፋጉሎ በፕሮቲኑ ከኑጉ ብዙም አይርቅም። ላሟን ያሳምራታል፤ ጠጉሯ ይወዛል። ዘይቱ ግን ከሁሉም ይበልጥ ስስ ስለሆነና የጨጓራዋን ተሕዋስያን ስለሚያዳክም፣ ገለባ በሚያንስበት ቤት ብቻውን ባይሰጥ ይሻላል። ዋጋው ከኑጉ ካነሰ ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ መስጠት ያዋጣል።

ቅቤ ለሚሸጥ ሰው ያልተጨመቀ የጥጥ ፍሬ ነው ነገሩ። ከክብደቱ 18 በመቶ አካባቢ ቅባት ነው። ዘይቱ ቅርፊቱ ውስጥ ስለተቆለፈ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ጥጥም ራሱ ቃጫ ነው፣ ላሟን ያመሰኳታል። ለድቅል ላም በቀን ከ1 እስከ 1 ኪሎ ተኩል ይበቃል። ለጥጆች ግን በፍጹም! ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለው። ከተጨመቀው የጥጥ ፋጉሎ ጋርም አያምታቱት፤ ያኛው አብዛኛው ቅባቱ ወጥቶለታል።

ከፓልም ዘይት የሚሠራ፣ ጨጓራን ሳይረብሽ የሚያልፍ የዱቄት ቅባትም አለ። ውድ ነው። አዲስ ለወለደች፣ ብዙ ለምትታለብና ለከሳች ድቅል ላም ካልሆነ አልመክርም። ለአበሻ ላም ገንዘቡን ድርቆሽ ይግዙበት፤ የእሷ ወተት ድሮም ቅባታም ነው።

የመረጡትን ከ10 ቀን ባላነሰ ጊዜ ቀስ በቀስ ያስለምዷት። ገለባው ቀድሞ ይቅረብ፣ ፋጉሎው ይከተል። የወተቱ ቅባት ከወረደ ዘይታሙን መኖ ቀንሰው ድርቆሽ ይጨምሩ፤ ወደ ቦታው ለመመለስ 2 ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ፣ በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠው ሌላ መኖ አይግዙ።