የቀበናው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን ለመጻፍ ሳስብ ከርሜያለሁ። ዛሬ ግን ሳላመሰግን አላድርም።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ማንበብ ይቸግረዋል። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ አንገቱን ይደፋል። ይዤው ያልዞርኩበት የለም። አንዱ ትምህርት ቤት "ይሄ ልጅ አይሆንለትም፣ አትልፊ" አሉኝ፤ እሱ እየሰማ! አንዱ አስጠኚ ደግሞ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ብሩስ ይሂድ። ልጄ "ሰነፍ ስለሆንኩ ነው የቀረው" ብሎ ሲያለቅስ ያደረባትን ሌሊት ግን አልረሳትም።

ጋሼ ቀበና ወንዝ ዳር ችግኝ ያፈላሉ። እናቴ ያለ ጤና አዳም ቡና አትጠጣም ነበር፤ እኔም እሷን ብዬ ልገዛ ገባሁ። ልጄ ከአፈሩ አልነሳ አለ። "ተይው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ" አሉኝ። አምስት ሳንቲም አልጠየቁኝም። አፈርና ፍግ ማደባለቅ፣ ፕላስቲክ መሙላት፣ የጥብስ ቅጠል ቆርጦ መትከል አስተማሩት። ምኑን ከምን እንደሚያደርጉት እኔ አላውቅም። ጥፍሩ ውስጥ አፈር ይዞ እየሳቀ ቤት ሲገባ ግን አየሁ። በኋላ አንድ መደብ ሰጡት። "የተከልከውን አንተው ሽጠው" ብለው።

አንድ ቅዳሜ ልወስደው ስሄድ አንዲት እናት ጤና አዳም ፈልገው መጡ። ጋሼ "ባለቤቱን ይጠይቁት" ብለው ወደ ልጄ ጠቆሙ። ልቤ ስንጥቅ አለ። እሱ ግን ቀና ብሎ "ውሃ አያብዙበት፣ ሥሩ ይበሰብሳል" አላቸው። ሁለት ችግኝ፣ አንዱ 60 ብር። 200 ሰጡት። መልሱ ላይ በጣቱ እየቆጠረ ቆየ። ልናገር ስል ጋሼ በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ውሃ ማጠጣት ጀመሩ። እንዳያፍር ብለው እኮ ነው! ልጄ 80 ብር ቆጥሮ መለሰ። ጋሼ ልክ ነው ወይ ብለው እንኳ አልጠየቁትም።

አሁን የችግኞቹን ስም ካርቶን ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። "ዳማከሴ"ን ሦስት ጊዜ ሰርዞ ነው ያስተካከላት። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ እጁን አወጣ ብለውኛል።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ለግቢም ለበረንዳም ችግኝ ስትፈልጉ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ክረምት ሲገባ ለአረንጓዴ አሻራ የምትገዙም እንደዚያው። እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። ጋሼ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ከሄዳችሁ ጤና አዳሙን ከልጄ ግዙ። መልስ ሲቆጥር ብቻ አታጣድፉት።