«ካር ዋሽ» በላቫጆ ሠራተኛ ዐይን

ሎስ አንጀለስ እንደገባሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ መኪና ማድረቅ ነበር። መኪናው ከማጠቢያው ውስጥ ውሃ እያንጠባጠበ ሲወጣ አራት ሆነን እንከበዋለን፤ የእኔ ድርሻ የኋላው መስታወትና የግራ በሮች ነበሩ። ፎጣ ስጨምቅ ከመዋሌ የተነሣ ማታ እንጀራ ስቆርስ ጣቶቼ አይታዘዙኝም ነበር። ጉርሻው በአንድ ቆርቆሮ ይጠራቀምና ሲመሽ እንካፈላለን። ጓደኛዬ በዚሁ ከተማ ላቫጆ ውስጥ የተሠራ የድሮ ፊልም አለ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ካር ዋሽ»ን ሲከፍትልኝ፣ ሥራውን በትክክል አሳይተውት እንደሆነ ልፈትናቸው ነበር የተቀመጥኩት።

አሳይተውታል። ፊልሙ 97 ደቂቃ ሲሆን የሚተርከውም አንድ የሥራ ቀን ብቻ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም፤ አብዛኞቹ ጥቁር የሆኑ አጣቢዎች፣ ነጭ ባለቤት፣ ነጭ ገንዘብ ተቀባይና የሚመጣ የሚሄደው ደንበኛ ሁሉ ተራ በተራ ይታያሉ። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይጮኻል። ኖርማን ዊትፊልድ የደረሰውና ሮዝ ሮይስ የተባለው ባንድ የተጫወተው ሙዚቃ ከቀረጻው በፊት ተዘጋጅቶ ስለነበር ተዋንያኑ የሚያጥቡት በምቱ ነው። የመክፈቻው ዘፈን በ1977 መጀመሪያ በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል፤ ሙዚቃው በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫልም ተሸልሟል። ይገባዋል። እጅ ሲዝል ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰው ዘፈን መሆኑን እኛ እናውቃለን።

ዳይሬክተሩ ማይክል ሹልትዝ ስለ ዘርና ስለ መደብ ንግግር አያስደርግም፤ ሰዎቹን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። የባለቤቱ ልጅ ኧርዊን የማኦን ጥቅሶች ይዞ «ከሠራተኛው ጋር ልሥራ» ብሎ ይመጣል። ተመልካቹ ይስቃል፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ያነበቡ ወጣቶች በሕይወታቸው ከፍለውበታል፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም አንዱ ነው። ሆኖም ሹልትዝ የያዘው ነገር እውነት ነው፦ ለኧርዊን ቱታው የሚወልቅ ልብስ ነው፤ ለሌሎቹ ግን ኑሯቸው ነው።

ሪቻርድ ፕራየር ዳዲ ሪች የሚባል ሰባኪ ሆኖ በሊሞዚን ሲመጣ ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ይከበዋል። «የመለኮታዊ ኢኮኖሚያዊ መንፈሳዊነት ቤተ ክርስቲያን» መሪ ነው። ሽማግሌው ሊስትሮ በፍቅር ያየዋል። ይህን ሊስትሮ የሚጫወተው ክላረንስ ሚዩዝ በ1889 የተወለደ፣ ሕግ የተማረ፣ ለጥቁር ተዋናይ የአሽከር ድርሻ ብቻ በሚሰጥበት ዘመን ፊልም የጀመረ ሰው ነው። እጁን ብቻ ተመልከቱ፤ ብሩሹን ሲይዝ ስንት ዓመት እንደያዘው ያስታውቃል።

ጉድለት አለው። አንዳንዱ ቀልድ አርጅቷል፤ የሚያስመልሰው ልጅ ትዕይንት ደግሞ ያለቅጥ ረዝሟል። የታክሲ ሒሳብ ሳትከፍል ጠፍታ ላቫጆው ውስጥ የምትሸሸገው ሴት ታሪክ በደንብ ተጀምሮ በእንጥልጥል ቀርቷል፤ ይህ አናድዶኛል። ስድብም ስለሚበዛው ልጆች ባሉበት አትክፈቱት።

ሎኒና አብዱላ ግን ይህን ሁሉ ያስረሱኛል። ሎኒ (አይቫን ዲክሰን) በአመክሮ የተፈታ፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ ሥራውን ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ላቫጆው የሚሻሻልበትን ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚሰማው የለም። አብዱላ (ቢል ዱክ) ደግሞ ሰልሞ ስሙን ቢቀይርም ባልደረቦቹ በድሮው ስሙ በድዌይን ይጠሩታል። በሥራ ቦታ ስሜ ስለከበዳቸው ለሁለት ዓመት «አሌክስ» ሲሉኝ ነበር፤ አብዱላ ሲጠሩት ፊቱ የሚጠቁርበትን ምክንያት ማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ባለቤቱ አብዱላን ያባርረዋል። ሲመሽ፣ ሌላው ሁሉ ልብሱን ቀይሮ ሲወጣ፣ ሎኒ ቢሮ ውስጥ ብቻውን ሳለ አብዱላ ሽጉጥ ይዞ ይመለሳል፤ ገንዘቡን ሊወስድ ነው። ሎኒ አይጮህም፤ ፖሊስም አይጠራም። ወንድም ወንድሙን እንደሚያነጋግረው ያነጋግረዋል። ቀኑን ሙሉ ያልተነፈሰው ያ ግዙፍ ሰው አለማበዱን፣ ነገር ግን ይህን የቀልድ መድረክ በየቀኑ እየመጣ ማየት እንዳልቻለ እየተናገረ በሎኒ ትከሻ ላይ ያለቅሳል። ከዚያ በፊት የሳቅሁበት ቀልድ ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ፤ ሳቁ ሲሰማ አብዱላ የት ቆሞ እንደነበር ለማየት ፊልሙን በማግስቱ ከመጀመሪያው ጀመርኩት።