ለደብረ ማርቆሷ ወጥ ሠሪ እናታችን ምስጋና

ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤቱን የሚመሩትን እናታችንን በአደባባይ ልናመሰግን ወደድን። ስማቸው እንዲነሣ ባይፈልጉም ሥራቸው ይነሣ።

ከሁሉ የሚበልጠው የጾም ሰዓት አያያዛቸው ነው። በዐቢይ ጾም አቅም ያነሰው አረጋዊ 6 ሰዓት ላይ ይበላል፣ የጠናው እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። ብዙ ቦታ ጠዋት 3 ሰዓት አንድ ትልቅ ድስት ሽሮ ይሠራና ለሁሉም ይቀመጣል። ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው። መፍላት ተህዋሲያንን ቢገድልም ስፖር የሚባለውን ዘራቸውን አይጨርሰውም። ድስቱ ለብ እንዳለ ሲቆይ ዘሩ ይነቃና ይራባል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ጎልማሳ በአንድ ቀን ቁርጠት ያልፈዋል፣ አረጋዊን ግን ተቅማጡ የሰውነቱን ውሃ አሟጦ አልጋ ላይ ይጥለዋል።

እሳቸው ሁለት ጊዜ ይጥዳሉ፤ ለ6 ሰዓቱ ለብቻ፣ ለ9 ሰዓቱ ለብቻ። የተረፈውን በድስቱ አያሳድሩም። ከ5 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ዝርግ ትሪ ላይ ያፈሱታል፣ ትሪውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይገባል። ማግስቱን እያማሰሉ እስኪንተከተክ ያሞቁታል፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ የተረፈ ይደፋል።

መዋጥ ለሚያቅታቸው ምግብ የሚፈጭበትን መፍጫ ደግሞ በየጊዜው ይፈቱታል። ከምላጩ ሥር ያለው ጎሚኒ ውስጥ የገባ ምስር በላይ በላዩ ማጠብ አይወጣም፤ እሳቸው ጎሚኒውን አውጥተው በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉታል።

በረኪናም በግምት አይጨምሩም። 5 በመቶ የሆነውን በስሪንጅ 20 ሚሊ ሊትር ለክተው ለ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ በየቀኑ አዲስ። መክተፊያው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፤ ቅባት ካለበት በረኪናው ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ከዚያ 2 ደቂቃ ይነከርና ሳይወለወል በአየር ይደርቃል።

እናታችን፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

በጎጃም እንዲህ ያለ ቤት የምትመሩ ሁሉ ወጥ ሠሪዎቻችሁን እሳቸው ዘንድ ላኩ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ይሁን፤ ሁለተኛው ድስት ሲጣድ የሚታየው ያን ቀን ነው።