ፕሮክሲ ከመግዛት በፊት፦ ሰርቨር ሳያግደን መረጃ ለመሰብሰብ የትኛው አማራጭ ያዋጣል?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መንገደኛ ለሚያመላልሱ የጀልባ ባለቤቶች የነፋስ ትንበያ በቴሌግራም የሚልክ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) በፓይተን ቋንቋ ሠርቼ ነበር። ስክሪፕቱ አንድን የአየር ጠባይ ገጽ በየደቂቃው ይጠይቅ ስለነበር በሦስተኛው ቀን ሰርቨሩ 429 እያለ ይመልሰው ጀመር። ወዲያው የፕሮክሲ፣ ማለትም ጥያቄያችንን በሌላ አድራሻ በኩል የሚያሳልፍ አማካይ ሰርቨር፣ ዋጋ ወደ ማጠያየቅ ገባሁ። ገጹን ረጋ ብዬ ስመለከተው ግን ትንበያው የሚታደሰው በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ በቀን 24 ጥያቄ የሚበቃውን ነገር 1,440 ጊዜ እጠይቅ ነበር ማለት ነው። ገንዘብ ለማውጣት ያሰበ ሁሉ በቅድሚያ ይህን ስሌት ለራሱ ሥራ ቢሠራው እመክራለሁ።

የመጀመሪያው አማራጭ የራስን ስክሪፕት ማረም ሲሆን ከጊዜ በቀር ምንም አያስከፍልም። 429 እ.ኤ.አ. በ2012 በይፋ የተደነገገ የምላሽ ቁጥር ነው፤ ትርጉሙም «ጥያቄ አብዝተሃል» ነው። ብዙ ጊዜ «ሪትራይ-አፍተር» የሚባል ሄደር (ከምላሹ ጋር የሚላክ አጭር ማብራሪያ) አብሮት ስለሚመጣ፣ ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንዳለብን ሰርቨሩ ራሱ ይነግረናል። ፓይተን ድረ ገጽ የሚጠይቅበት «ሪኩዌስትስ» የተባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ግን ካላዘዝነው በቀር ይህን አይከተልም፣ ምላሽ የሚጠብቅበት የጊዜ ገደብም የለውም፤ ሁለቱንም ራሳችን ማስገባት አለብን። ማንነቱንም «ፓይተን-ሪኩዌስትስ» ብሎ ስለሚያስተዋውቅ፣ በዚያ ፈንታ የፕሮጀክቱን ስምና ኢሜይል መጻፍ ይገባል፤ የሰርቨሩ ባለቤት ከማገዱ በፊት ሊጽፍልን ይችላልና። ገጹ ካልተለወጠ «አልተለወጠም» የሚለውን 304 ብቻ እንዲመልስልን የቀደመውን «ኢታግ» (ሰርቨሩ ለገጹ ቅጂ የሰጠውን መለያ) አያይዞ መጠየቅም ለሁለቱም ወገን ጫና ይቀንሳል። የድረ ገጹ ባለቤት ለእንዲህ ዓይነት ስክሪፕቶች መመሪያ የሚጽፍበት «ሮቦትስ» የተባለው ፋይል የሚከለክለውን ክፍል ደግሞ መተው ግዴታችን ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ አምስት ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ቢጠቀሙ፣ ሰርቨሩ የሚያየው አንድ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ብቻ ነው። ስለዚህ የአንዱ ስክሪፕት ጥድፊያ የሌሎቹን አራት ሰዎች ሥራ ያስቆማል።

ሁለተኛው አማራጭ የመረጃው ባለቤት ራሱ የከፈተው ኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራሞች መረጃ የሚጠይቁበት መግቢያ፣ ነው፤ እኔም ይህንን አስቀድማለሁ። ለምሳሌ የአየር ጠባይ ትንበያ የሚያቀርበው ኦፕን-ሜቴዮ ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት በቀን እስከ 10,000 ጥያቄ ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ ይፈቅዳል፤ ለጣና ዳርቻ ትንበያ ከበቂ በላይ ነው። ትንበያውን ለደንበኞቹ የሚሸጥ ድርጅት ግን የሚከፈልበትን ዕቅድ መግዛት አለበት። ክፍያው የሚያስገኘው የታወቀ ገደብና የታወቀ ፈቃድ ስለሆነ፣ ነገ ይዘጋብኝ ይሆን ከሚል ስጋት ያሳርፋል።

ሦስተኛው ፕሮክሲ ነው። የሰርቨር ማዕከላትን አድራሻ የሚጠቀመው የዳታ ሴንተር ፕሮክሲ አብዛኛውን ጊዜ በአድራሻ ብዛት፣ የግለሰብ ቤቶችን የኢንተርኔት አድራሻ የሚጠቀመው የመኖሪያ ቤት ፕሮክሲ ደግሞ በጊጋባይት ይሸጣል፤ ዋጋው በዶላር ስለሆነ ባሕር ዳር ላለ ገዢ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ አድራሻው ቢቀየርም ፓይተን ከሰርቨር ጋር ግንኙነት የሚጀምርበት መንገድ ስለማይቀየር፣ የተራቀቁ መከላከያዎች ይለዩታል። የመኖሪያ ቤት አድራሻዎች ምንጭም አሳሳቢ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ መንግሥት ያፈረሰው «911 ኤስ5» የተባለ አገልግሎት ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በቫይረስ የተያዙ ኮምፒውተሮችን አድራሻ ይሸጥ ነበር። የራሴ ድረ ገጽ ከሌላ አገር ሲከፈት ምን እንደሚመስል ለመፈተሽ ፕሮክሲ ብገዛ አይቆጨኝም፤ የተቀመጠልኝን ገደብ ለማለፍ ግን አልገዛም።

ገጹን አምጥተው የሚያስረክቡ፣ በጥያቄ ብዛት የሚያስከፍሉ አገልግሎቶችም አሉ። ፕሮግራመር ለሌለው ቢሮ ድካም ያቀልላሉ፤ የፈቃዱን ጥያቄ ግን አይመልሱም።

ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ስክሪፕቱን መረጃው በሚታደስበት ልክ አዘግይቶ ለአንድ ሳምንት ያስኬደው፣ የ429 ምላሾችንም ይቁጠር። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ የሚገዛው ነገር የለም። ካልሆነ ለሰርቨሩ ባለቤት ይጻፍና የኤፒአይ ዋጋ ይጠይቅ።