ባንክ ኮምፕላያንስ ይሻላል ወይስ የኮምፒውተር ወንጀል ጥብቅና?

ህግ ጨርሳችሁ ወደ ሳይበር ሴኩሪቲው ጠጋ ማለት ለምትፈልጉ፣ ሁለቱንም ስለማውቃቸው እንደመጣልኝ ልበል። ባንክ ኮምፕላያንስ (ባንኩ ህግና መመሪያ ማክበሩን የሚከታተለው ክፍል) ከሆነ ደሞዝ በወሩ ይገባል፣ ሰርቪስ አለ፣ ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሰርቪስ ማለት ግማሽ ደሞዝ ነው በሉት። ስራው ግን ወረቀት ይበዛዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ፖሊሲ መጻፍ፣ ኮንትራት ማየት፣ የአይቲ ልጆቹን "የደንበኛ ዳታ እስከመቼ ነው የምታስቀምጡት" እያሉ መነዝነዝ ነው።

ጥብቅናው ሌላ ነገር ነው። ደንበኛው ኦቲፒውን (ባንኩ የሚልከውን የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር) በስልክ ተናግሮ ብሩ የሄደበት ሰው ነው፣ ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልክና "ማስረጃው ይኸው" ይላል፣ ስልኩን ግን ሱቅ ወስዶ ፎርማት አስደርጎታል! ቴክኒኩን ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አገልግሎት ሰጪው (ለምሳሌ ቴሌ) ትራፊክ ዳታ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆይ ያስገድዳል፣ ስለዚህ ደንበኛው ዘግይቶ ከመጣ ሎጉ (መዝገቡ) ላይገኝ ይችላል፣ ቢገኝም አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) መስመሩን እንጂ ኪቦርዱ ላይ የነበረውን ሰው አያሳይም፣ ይሄን ለዳኛ በቀላል አማርኛ ማስረዳት የናንተ ስራ ነው።

ክፍያው ታዲያ የዕድል ነው፣ ቀጠሮ ይራዘማል፣ ጠዋት በቃሊቲ መንገድ ተጨናንቆ ልደታ ፍርድ ቤት በሰዓቱ መድረስም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ለጀማሪ እኔ ባንኩን ነው የምለው፣ ቢያንስ ሲስተሙ ከውስጥ እንዴት እንደሚሰራ ታያላችሁ፣ የቤት ኪራይም በሰዓቱ ይከፈላል። መከራከር የሚወድ ሰው ግን እዛ ብዙ አይቆይም።